ፍግና ዝቃጭ ማሳ ላይ ስትበትኑ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

"ፍግ የተፈጥሮ ነው፣ ቢበዛ ምን ያመጣል" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ለኔ ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ናይትሬት ወደሚባል በውሃ የሚሟሟ ነገር ይቀየራል፣ ናይትሬቱ ከላም መጣ ከፋብሪካ ለውሃው አንድ ነው፣ ሰብሉ ያልወሰደውን ዝናብ ይዞት ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ ደግሞ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፣ ሲያልፍ በጡጦ የሚያድጉ ህፃናት ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። የአውሮፓ ህብረት እንደ ፈረንጆቹ በ1991 ባወጣው የናይትሬት መመሪያ ለብክለት በተጋለጡ ቦታዎች ከፍግ የሚገባውን በሄክታር በዓመት 170 ኪሎ ላይ የገደበው ለዚህ ነው። ልብ በሉ 170 ኪሎ ፍግ አይደለም፣ ፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ነው፣ ይሄን የሚያምታቱ አሉ።

ሌላው ናይትሮጅኑን ብቻ ቆጥሮ ፎስፈረሱን መርሳት። ፍግ ውስጥ ፎስፈረሱ ሰብሉ ከሚፈልገው በላይ ስለሚሆን በናይትሮጅን ሂሳብ ከሞላችሁ በየዓመቱ አፈሩ ላይ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ከዛ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ሀይቅ ውስጥ ሲከተው አልጌ ይፈላል፣ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ዓሳው ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አፈር አስመርምሩ፣ ፍግ የገባበት ማሳ ላይም ዩሪያውን ቀንሱ እባካችሁ።

ዝናብ ሊዘንብ ሲል ወይ ወንዝ ዳር መበተንማ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በትኖ ሳያርሱ መተውም አለ። ያ አይን የሚቆጠቁጠው ሽታ አሞኒያ ነው፣ የደከማችሁበት ናይትሮጅን በአየር እየሄደ ነው ማለት ነው፣ በዛው ቀን ከአፈር ጋር ቀላቅሉት።

ጥሬ ፍግን "ኮምፖስት ነው" ማለት ደግሞ አደገኛ ነው። ክምሩ መሀሉ እጅ እያቃጠለ ጠርዙ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል፣ ጀርሙ እዛ ጠርዝ ላይ ይተርፋል፣ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ሜዳ ላይ ለሚከመር ኮምፖስት ከ55 እስከ 77 ዲግሪ ለ15 ቀን ይቆይ፣ 5 ጊዜ ይገላበጥ የሚለው ለዚህ ነው። ጥሬው ከሆነ አፈር የሚነካ ምርት ላይ ቢያንስ ከመሰብሰቡ 120 ቀን በፊት መግባት አለበት።

የፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጭ በነፃ ሲመጣ ዝም ብሎ መቀበልስ? እንደ ካድሚየም ያሉት ከባድ ብረቶች አይበሰብሱም፣ ፒፋስ (PFAS) የሚባሉት፣ የማይጣበቅ መጥበሻና ውሃ የማያስገባ ልብስ የሚሰራባቸው ኬሚካሎችም እንደዛው፣ የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት በ2022 ዝቃጭ እርሻ ላይ እንዳይበተን የከለከለችው ማሳና ወተት ከተበከለባት በኋላ ነው። መኪናው ሳያራግፍ የላብራቶሪ ውጤቱን ጠይቁ፣ ወረቀት ከሌለው ይመለስ።