«ራስ ገዝ» የሚል ስታነቡ የግቢውን ቁልፍ ፈልጉ

ቅዳሜ ማታ አራት ኪሎ፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ የ12ኛ ክፍል ልጆች ታሪክ አስጠናለሁ። ባለፈው አንዱ ደብተሩ ላይ «ደቡብ ሮዴዥያ በ1923 ራስ ገዝ ሆና ከእንግሊዝ ነፃ ወጣች» ብሎ ጽፏል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ቃሉ ነው የሸወደው። (ደቡብ ሮዴዥያ የዛሬዋ ዚምባብዌ ናት። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ነገር የማስረዳው በተከራየኋት ሰርቪስ ቤት ነው። ክፍሏ ውስጥ የፈለግኩትን እሠራለሁ፤ አልጋዬን ባሻኝ ጥግ አደርጋለሁ። የግቢው በር ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይቆለፋል። ቁልፉ አከራዬ ጋ ነው። ቆጣሪውም በሳቸው ስም ነው። የራስ ገዝ ግዛትን ሕግ ስታነቡም ክፍሉን ተዉትና በሩ ጋ ሂዱ።

መጀመሪያ «ወደ ውጭ የሚፈርመው ማነው?» በሉ። ቤርሙዳ፣ የእንግሊዝ ግዛት የሆነችው ደሴት፣ የራሷ ፓርላማና ጠቅላይ ሚኒስትር አላት። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና ፖሊስ ግን ከለንደን የሚሾመው አገረ ገዥ ኃላፊነት ናቸው። በዴንማርክ ሥር ያለችው ግሪንላንድ ከ1953 ወዲህ በሕግ ቅኝ ግዛት ባትባልም ጥያቄው እሷም ላይ ይሠራል። በ2009 ሥልጣኗ ሰፍቶ የማዕድኗ ባለቤት ሆነች፤ መከላከያዋ ግን አሁንም የዴንማርክ ነው።

ቀጥሎ «የተሰጠው መልሶ ይወሰዳል ወይ?» በሉ። እዚህ ጋ ቱርክስና ካይኮስን አንሱ፤ በእንግሊዝ ሥር ያሉ ትናንሽ የካሪቢያን ደሴቶች ናቸው። በ2009 ሙስና ተጣርቶ ችግር ሲገኝ እንግሊዝ ካቢኔውንም ምክር ቤቱንም አገደች። አገረ ገዥው በቀጥታ ገዛ። ምርጫ የተደረገው በ2012 ነው። ሙስናው እውነት ቢሆንም ልብ በሉ፦ አንድ ትእዛዝ ከለንደን መጣ፣ ፓርላማው የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ «ራስ» የተባለው ማነው? በ1922 ደቡብ ሮዴዥያ ውስጥ ድምፅ የሰጡት ከሞላ ጎደል ነጭ ሰፋሪዎች ነበሩ። ከደቡብ አፍሪካ ጋር አንዋሃድም፣ ራሳችንን እንገዛለን አሉ። አብዛኛው ሕዝብ ጥቁር ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። ለንደን ጥቁሮችን የሚያገሉ ሕጎችን የማገድ ሥልጣን ይዛ ቀረች። ይሁንና መሬቱን በዘር የከፋፈለው የ1930ው ሕግ አለፈ።

ልጁ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ጋሼ፣ ቁልፉ እንግሊዝ ጋ ከነበረ ለምን አልቆለፈችም?»

ጎሽ! ቁልፍ መያዝና መቆለፍ ለየቅል ናቸው። የነጮቹ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢያን ስሚዝ በኅዳር 1965 በገዛ ፈቃዱ ነፃነት ሲያውጅ እንግሊዝ ማዕቀብ ጣለች እንጂ ጦር አልላከችም። በወሩ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሚኒስትሮች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው «አመፁን እስከ ታኅሣሥ 15 ካላስቆማችሁ ግንኙነታችንን እናቋርጣለን» አሏት። ያሉትን ያደረጉት ጥቂት አገሮች ናቸው፤ ታንዛኒያና ጋና አሉበት። ዚምባብዌ የተወለደችው በ1980 ነው።

ልጁ «ነፃ ወጣች» የሚለውን ሰረዘ። «ራስ ገዝ» ከሚለው በላይ ደግሞ በእርሳስ «የማን ራስ?» ብሎ ጻፈ። ሰዓቴን ሳይ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። የሻዩን ሒሳብ ወርውሬ ወደ ግቢዬ ሮጥኩ።