የእህቴን የሠርግ ካርድ እንዴት እንዳስተካከልኩት

የእህቴ ሠርግ ሐረር ነው። ካርዱን እኔ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። ሐሳቡን ያገኘሁት ጀጎል ውስጥ ከጎረቤታችን ከእማማ ቤት ነው። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ስፌቱ ግድግዳው ላይ ተደርድሮ ይሰቀላል። አንዱን አስፈቅጄ አወረድኩና በር ላይ ፎቶ አነሳሁት። ከመሃል እየዞረ የሚወጣው ቀይና ጥቁር ጥለት የካርዱ ጠርዝ ሆነ።

ማተሚያ ቤት ስወስደው ግን የሙሽሮቹ ስም ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ አለ። ደማቁ ቀይም ደብዝዞ የከረመ በርበሬ መሰለ።

የፊደሉ ቀላል ነበር። የተጠቀምኩበት ፎንት እነሱ ኮምፒውተር ላይ የለም። ጽሑፉን በሙሉ ወደ ቅርጽ ቀይሬ በፒዲኤፍ ሰጠኋቸው፤ ተስተካከለ። አንዴ ቅርጽ ከሆነ በኋላ ግን እንደ ጽሑፍ ማረም አይቻልም። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡት።

ቀለሙ ነው ያደከመኝ። ስክሪን ቀለም የሚያሳየው በብርሃን፣ በአርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በማደባለቅ) ነው። ማተሚያው የሚሠራው በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በሲያን (አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ሐምራዊ ቀመስ ቀይ)፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ነው፤ ስክሪን ላይ የሚያበራውን ቀይ ሁሉ ወረቀት ላይ ማውጣት አይችልም። ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ ቀየርኩ። ከቀዩ ውስጥ ሲያኑን አውጥቼ ማጀንታውንና ቢጫውን ከፍ አደረግኩ። ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ጨመርኩ። ከዚያ በዚያው በምናሳትምበት ወረቀት አንድ ናሙና አስወጣሁ።

ናሙናውን ይዤ እማማ ጋ ሄድኩ። ከስፌቱ ጎን አስጠጉት፣ ጥለቱን በጣታቸው ተከተሉና “አሁን የእኔን መሰለ፤ ይባርክላችሁ ልጄ” አሉኝ። በማግስቱ ሁሉንም አሳተምን።