ከውጭ አገር ልምምድ ምን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ? ታዳጊ ዋናተኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጆችን ወደ ውጭ አገር የልምምድ ካምፕ ስሸኝና ስቀበል ብዙ ዓመት ሆነኝ። አንዳንዱ ሄዶ ሌላ ዋናተኛ ሆኖ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ አዲስ የዋና ኮፍያና የታመመ ትከሻ ይዞ ይመጣል። ልዩነቱ የተሰጥኦ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው፤ ዘንድሮም ደግሜ አየኋቸውና ዝም ማለት አቃተኝ።

ሰዓቱን ሳያነቡ መዋኘት

ከራሴ ልጀምር። በ17 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ ስሄድ አሰልጣኙ ሰሌዳው ላይ «10 × 100 በ1:30» ብሎ ጻፈ። እኔ 100 ሜትር ዋኝቼ 1 ደቂቃ ከ30 የማርፍ መሰለኝ። የመጀመሪያውን እንደ ፍጻሜ ውድድር ዋኝቼ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለከልክ የመስመሩ ልጆች በጎኔ እያለፉ ሄዱ። 1:30 ማለት ከመነሻ እስከ መነሻ ነው፤ ዋናውም ዕረፍቱም እዚያው ውስጥ ነው። በ1:15 የገባ 15 ሰኮንድ ያርፋል፣ በ1:28 የገባ 2 ሰኮንድ። ፊሽካ የሚነፋልህ የለም። ገንዳው ዳር ያለውን ትልቁን ሰዓት እያየህ ራስህ ትነሳለህ፤ በስንት እንደገባህም ራስህ ታነባለህ። ከዚያ ጉዞ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነበር፦ ሰዓቴን ለአሰልጣኝ መተው አቆምኩ።

የመስመሩን ሥርዓት አለመጠየቅ

በብዙ አገር በመስመሩ ቀኝ በኩል ይዋኛል፤ አውስትራሊያ ውስጥ በግራ ነው። ሳይጠይቅ የገባ ከሰው ራስ ጋር ይጋጫል። ከኋላህ ሆኖ እግርህን የነካህ ልጅ ጠብ እየፈለገህ አይደለም፤ «አሳልፈኝ» እያለህ ነው። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ጥግ ይዘህ አሳልፈው።

የገንዳውን ርዝመት አለማወቅ

አንድ ልጅ አሜሪካ በገባ በሁለተኛው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ ደወለልኝ። «አሰልጣኝ፣ 100 ነጻ ቀዘፋ በ50 ሰኮንድ ገባሁ!» ሲሄድ 58 ነበር። ገንዳው በያርድ መሆኑን የነገረው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። 25 ያርድ 22.86 ሜትር ነው፣ ስለዚህ የእሱ 100 ያርድ 91.44 ሜትር ብቻ ነበር። በዚያ ላይ በ50 ሜትር ገንዳ 100 ሜትር ስትዋኝ አንድ ጊዜ ነው የምትዞረው፤ እዚያ ሦስት ጊዜ ትዞራለህ፣ ግድግዳ ገፍቶ መውጣት ደግሞ ከመቅዘፍ ይፈጥናል። ልጁ በእርግጥ ተሻሽሎ ነበር፤ ምናልባት አንድ ሰኮንድ ያህል። ስምንቱን ሰኮንድ ግን ቤተሰቡ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ነግሮ ጨርሶ ነበር።

የጀርባ ቀዘፋ ዋናተኞች ደግሞ ተጠንቀቁ። ግድግዳው መቅረቡን እንድታውቁ ከላይ የተሰቀሉት ባንዲራዎች በሜትር ገንዳ ከግድግዳው 5 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው፤ በያርድ ገንዳ 5 ያርድ፣ ማለትም 4.57 ሜትር። ከባንዲራው ጀምራ ቀዘፋዋን እየቆጠረች የምትገባ አንዲት ልጅ ይህን ሳታውቅ በሙሉ ፍጥነት መጥታ ግድግዳውን በአናቷ መታችው። ደህና ናት። አሁን አዲስ ገንዳ ስትገባ መጀመሪያ ቀስ ብላ ትቆጥራለች።

የሌላውን ልምምድ መቅዳት

ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በየዓመቱ አንድ ልጅ ከካምፕ ተመልሶ ስልኩን ያሳየኛል፦ የሰሌዳ ፎቶ፣ ሌላ የሰሌዳ ፎቶ፣ አሁንም የሰሌዳ ፎቶ። «አሰልጣኝ፣ የሻምፒዮኖቹ ልምምድ ነው፤ እኛም ይህንኑ እንሥራ።» የየትኞቹ ሻምፒዮኖች? ለየትኛው ርቀት የሚዘጋጁ? ውድድራቸው ስንት ጊዜ ሲቀረው? መልስ የለም። ያ ሰሌዳ የተጻፈው ለ22 ዓመት ሰው ነው እንበል፤ ለዓመታት በቀን ሁለቴ ሲዋኝ ለኖረና ትልቁ ውድድር 5 ወር ለቀረው። ያንኑ ቡድን ውድድሩ 10 ቀን ሲቀረው ብታገኙት ኖሮ ከግማሽ ያልበለጠ ሲዋኝ ታዩት ነበር። ያኔም ፎቶ አንስታችሁ «ሻምፒዮኖች እኮ ብዙ አይዋኙም» እያላችሁ ትመጡ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

አንዱን አልረሳውም። የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ በአንድ ልምምድ 3,500 ሜትር ይዋኝ ነበር። እዚያ ታላላቆቹ 7,000 ሲዋኙ አየ። ከተመለሰ በኋላ ሳይነግረኝ ከልምምድ ማብቂያ በኋላ እየቀረ ቀሪውን ሲሞላ ሰነበተ። በሦስተኛው ሳምንት ክንዱን አንስቶ ፀጉሩን ማበጠር አቃተው። ሰውነት ሲደክም ክርን ይወድቃል፤ ክርን ሲወድቅ ጭነቱን ትከሻ ይሸከማል፤ በ7,000 ሜትር ደግሞ ክንድ የሚዞረው በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ነው። ያንን የውድድር ዘመን ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የልምምድ ሰሌዳ በእጁ ይዞ እግሩን ብቻ እየመታ ጨረሰው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። ሲሄድ ምን እንዲያይ አልነገርኩትም ነበር።

ማስታወሻ ያዙ፤ ግን ሰሌዳውን ሳይሆን ራሳችሁን መዝግቡ። 50 ሜትር በስንት ቀዘፋ ጨረስክ? ሲደክምህስ ስንት ሆነ? ከግድግዳ ስትወጣ ስንት የዶልፊን ምት (ሁለቱን እግር ገጥሞ መምታት) ትመታለህ፣ የት ላይስ ብቅ ትላለህ? ከደረት ቀዘፋ በቀር ሕጉ ውሃ ውስጥ እስከ 15 ሜትር ድረስ ይፈቅዳል፤ አብዛኞቻችሁ 6 ሳትደርሱ ትወጣላችሁ። አሰልጣኙ ሦስት ጊዜ የደጋገመልህ እርማት የቱ ነበር? እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ብታመጡልኝ አብረን የምንሠራው ነገር ይኖረናል።

አፍሮ ዝም ማለት

ቋንቋው አይመቻችሁ ይሆናል። «ለምን?» ለማለት ግን ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም። «ይህ ልምምድ ለምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ደስ የማይለው አሰልጣኝ እስካሁን አላጋጠመኝም። ያልገባው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ውሃ ውስጥ የሚገባ ልጅ ግን ሁሉንም ያናድዳል፤ እኔንም ጭምር።

ውጤት ወዲያው መጠበቅ

ይህ ይበልጥ ለወላጆች ነው። በካምፑ መጨረሻ የልጃችሁ ሰዓት ቢጨምር አትደንግጡ፤ ደክሟል። የሲንጋፖሩ ጆሴፍ ስኩሊንግ ገና በታዳጊነቱ ነው ፍሎሪዳ ሄዶ መሠልጠን የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ 100 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋን በ50.39 ጨርሶ ማይክል ፌልፕስን ሲቀድም 21 ዓመቱ ነበር። በመካከሉ ስንት ተራ ማክሰኞ፣ ስንት የደከመው ጠዋት እንዳለፈ አስቡት። እናንተ ግን በ3 ሳምንት ካምፕ «ስንት ሰኮንድ ቀነሰ?» ትሉኛላችሁ።

ከፍታ ቦታ ላይ ለመሠልጠን የምትሄዱም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በለመዳችሁት ፍጥነት ልትዋኙ አትሞክሩ፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሰውነት እስኪለምድ ቀናት ይፈጃል። ከመሄዳችሁ በፊት ደማችሁ ውስጥ ያለውን የብረት መጠን አስመርምሩ፤ ብረት ያነሰው ሰው ከከፍታው ጥቅም አያገኝም።

ከጓደኛ የተሰጠን ዱቄትና ክኒን መዋጥ

አትዋጡ። በፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ ሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው እናንተ ናችሁ፤ «ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ» ማለት ነጻ አያወጣም።

«እዚያ እኮ እንዲህ አይደለም»

ከካምፕ መልስ ባሉት ሳምንታት ይህችን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደምሰማት! ገንዳው እዚያ እንዲህ አይደለም፣ ማሟሟቂያው እዚያ እንዲህ አይደለም። የመስመሩ ልጆች በሁለት ቀን ይሰለቻሉ፤ እኔ በአንድ።

ባለፈው የተመለሰችው ልጅ ግን ስለ ጉዞዋ ምንም አላወራችም። በመጀመሪያው ቀን፣ በልምምዱ ማብቂያ ሰውነት ለማቀዝቀዝ ቀስ ተብሎ ሲዋኝ፣ ሌላው ሁሉ ግድግዳውን እንደነገሩ ነክቶ ሲመለስ፣ እሷ በየዙሩ ሁለት እጇን ከጆሮዋ በላይ አጣብቃ ከባንዲራው አልፋ ትወጣ ነበር። ማንም አላዘዛትም፤ ያን ዕለት የሚለካ ሰዓትም አልነበረም። በሳምንቱ ከኋላዋ የሚዋኘው ልጅ እንደዚያው ማድረግ ጀመረ። እሷ ግድግዳው ጋ ቀድማው እየሄደችበት ተቸግሮ ነው።