ወደ 1950ዎቹ ለንደን የሚሻገር የሁለት ወንዶች ፍቅር፦ የጊዜ ጉዞ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

በጊዜ ተጉዞ ያለፈ ዘመን ሰው የሚያፈቅር ገጸ ባሕርይ መጻፍ ደስ ይላል። ፍቅረኞቹ ሁለቱም ወንዶች ወይም ሁለቱም ሴቶች ሲሆኑ፣ ዘመኑ ደግሞ ይህን ፍቅር የሚያሳስር ሲሆን ግን ሥራው ይከብዳል። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ አንድ ዓይነት ታሪክ ይዞ ይመጣል። ከዛሬ የሄደው ነፃ አውጪ ይሆናል፤ የድሮው ሰው እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ምስኪን ይሆናል።

እኔ ተቃራኒውን እንድትሞክሩ እለምናችኋለሁ። እዚያ ዘመን ውስጥ አዋቂው የዚያ ዘመን ሰው ነው። ማንን እንደሚያምን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚመለስ፣ የት ዘና ብሎ መሳቅ እንደሚችል ያውቃል። አደጋ ይዞ የሚመጣው እንግዳው ነው። ይህን አንዴ ከተቀበላችሁ ታሪኩ ራሱ መንገዱን ያሳያችኋል።

ለምሳሌ ያህል የ1950ዎቹን ለንደን እንውሰድ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከዛሬ የሚሄደውን ናታን እንበለው፤ በ1995 የተወለደ ነው። የሚወደው ሰው ሄንሪ ይባል፤ በ1923 የተወለደ ልብስ ሰፊ።

1. ዓመቱን ከነወሩ ቁረጡ

«በሃምሳዎቹ» ብላችሁ አትጀምሩ። ናታን ኪስ ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት የሚወስነው ወሩ ነው። እስከ ፌብሩዋሪ 1952 ድረስ እንግሊዝ ውስጥ የጦርነቱ ጊዜ መታወቂያ ካርድ በሥራ ላይ ነበር። ናታን ከዚያ በፊት ከደረሰ ፖሊስ መታወቂያ ሊጠይቀው ይችላል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ይህ ስጋት የለም። ምግብ ግን ገና በራሽን ነው፤ ስኳር እስከ ሴፕቴምበር 1953፣ ሥጋ እስከ ጁላይ 1954። የራሽን ደብተር የሌለው እንግዳ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ የሚበላው ከሄንሪ ድርሻ ነው። ፍቅርን በአንድ ማንኪያ ስኳር ማሳየት የምትችሉበት ዘመን ነው።

ወንድ ገጸ ባሕርይ ከሆነ ደግሞ ወታደራዊ አገልግሎትን አትርሱ። ያኔ የወጣት ወንዶች ብሔራዊ አገልግሎት ግዴታ ነበር። በናታን ዕድሜ ላለ ወንድ «የት አገለገልክ?» ማለት ተራ የሰላምታ ያህል ጥያቄ ነው። ናታን መልስ ያስፈልገዋል። መልሱን የሚያስጠናው ሄንሪ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አንድ ወር ምረጥ ብባል ዲሴምበር 1952ን እመርጣለሁ። ከ5 እስከ 9 ባሉት ቀናት የድንጋይ ከሰል ጭስ የተቀላቀለበት ጉም ለንደንን ሸፈናት። ብዙ ሺህ ሰው ገደለ። በአንዳንድ ሰፈር ሰው የገዛ እግሩን ማየት አቅቶት ነበር። አስቡት፦ ሁለት ወንዶች አደባባይ ላይ ተቃቅፈው ሊሄዱ የሚችሉት ከተማዋ መተንፈስ ባቃታት ሰዓት ብቻ ነው። ሄንሪ እየሳለ ይስቃል። ናታን ለምን እንደሚስቅ አልገባውም።

2. ሕጉን በትክክል እወቁ

«ያኔ ክልክል ነበር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በ1885 የወጣው ሕግ በወንዶች መካከል የሚፈጸምን ማንኛውንም «ነውረኛ ድርጊት» እስከ ሁለት ዓመት እስር ያስቀጣ ነበር። በገዛ ቤት፣ በር ተዘግቶ፣ በሁለቱም ፈቃድ ቢሆንም ያው ነው። በ1861 ሕግ የሚያስጠይቀው ሙሉ የወሲብ ግንኙነት ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። ሴቶችን በዚህ የሚከስ ሕግ አልነበረም። በ1921 እነሱንም ለማካተት ተሞክሮ የሎርዶች ምክር ቤት ሳያጸድቀው ቀረ። ፍቅረኞቻችሁ ሴቶች ከሆኑ ታሪኩን በፖሊስ አትሙሉት። የእነሱ ፍርሃት ልጆቻቸውን፣ ሥራቸውንና ቤታቸውን ማጣት ነው።

ናታን ለምን አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት የአለን ቱሪንግን ጉዳይ አጥኑ። ቱሪንግ በጦርነቱ ጊዜ የጀርመኖችን ምስጢራዊ መልእክት በመፍታት አገሩን ያገለገለ የሒሳብ ሊቅ ነው። በ1952 መጀመሪያ ቤቱ ተሰረቀ። ለፖሊስ ራሱ አመለከተ። መርማሪዎቹ ስለ ሌባው ሲጠይቁ ከአንድ ወጣት ጋር የነበረው ግንኙነት ወጣ። ሌብነቱን ሊያሳውቅ የሄደው ሰው ተከሳሽ ሆነ፤ በማርች ወር ተፈረደበት። ከእስር ይልቅ የሆርሞን መድኃኒት መውሰድን መረጠ። በጁን 1954 ሞተ። ንጉሣዊ ይቅርታ የተሰጠው በ2013 ነው።

ናታን ቢሰረቅ ምን ያደርጋል? ወደ ፖሊስ ይሮጣል። ቢጨንቀው ለሐኪም ይናገራል። ሄንሪን ቢናፍቀው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፎቶ ይይዛል። እኛ ዘመን ውስጥ ጤነኛ የሚባለው ልማድ ሁሉ እዚያ ሄንሪን ያሳስረዋል። የልቦለዱን ግጭት ከዚህ አውጡት። ክፉ ፖሊስ ፈጥራችሁ በየምዕራፉ ማስሮጥ አያስፈልጋችሁም።

3. የዕድሜ ስሌት ሥሩ

ወረቀት ላይ የሄንሪን ዕድሜ ከሕጉ ጎን ጻፉ። በጁላይ 1967 በእንግሊዝና በዌልስ ሕጉ ሲላላ 44 ዓመት ሊሆነው ነው ወይም ሆኖታል። ያም ቢሆን ሁለቱም 21 ዓመት ከሞላቸውና ብቻቸውን ከሆኑ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቆይተዋል። በዲሴምበር 2005 የሲቪል ጥምረት፣ ማለትም የሁለት ወንዶችን ወይም የሁለት ሴቶችን አብሮ መኖር በሕግ የሚያውቅ ውል፣ ሲጀመር 82 ነው። በማርች 2014 ጋብቻ ሲፈቀድ በሕይወት ካለ 90ን አልፏል።

ናታን ይህን ሁሉ ያውቃል። «አይዞህ፣ ሕጉ ይለወጣል» ማለት ይፈልጋል። ወደ 30 ዓመት ለሚጠጋ ሰው «አሥራ አራት ዓመት ከመንፈቅ ጠብቅ» ማለት ግን ማጽናኛ ነው ወይስ ፍርድ? ይህን ንግግር በችኮላ አትለፉት። ሄንሪ ይቆጣ። መቆጣት መብቱ ነው።

4. የጉዞው ሕግ ፍቅሩን ይንካ

ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ አንባቢ ብዙም ግድ የለውም። አንድ ደንብ ይበቃል፤ እሱን እስከ መጨረሻ ጠብቁ። በሩ ስንት ጊዜ ይከፈታል? ሁለት ሰው ያሳልፋል? ታሪክ ይለወጣል? ናታን ሕጉን ራሱን እንዳይለውጥ ብትከለክሉት ይሻላል ባይ ነኝ። ሕጉን የለወጡት በስማቸው የቆሙና ዋጋ የከፈሉ የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው። ድካማቸውን ለአንድ ጊዜ ተጓዥ አሳልፎ መስጠት አይገባም።

5. መገናኛ ቦታ ስጧቸው

ጨለማ መንገድ ብቻ አትጻፉ። ደስታ ነበር። ኮቨንትሪ ስትሪት የነበረው ትልቁ የላየንስ ካፌ ውስጥ፣ ቤተሰብ ሻይ በሚጠጣበት አዳራሽ፣ እነ ሄንሪ የሚቀመጡበት ጥግ ይታወቅ ነበር። ቼልሲ ውስጥ ደግሞ ጌትዌይስ የሚባል ክለብ ነበር፤ አረንጓዴ በር፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ደረጃ። ብዙ ሴቶች ፍቅረኞቻቸውን ያገኙት እዚያ ነው። ብዙዎች ፖላሪ የሚባል የምስጢር አነጋገርም ነበራቸው። «ቦና» ጥሩ ማለት ነው፣ «ቫዳ» ተመልከት። ናታን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ምንም የማይገባበትን ትዕይንት ጻፉ። ያኔ እንግዳ ማን እንደሆነ ይታያል።

6. ስልክና ደብዳቤ

የዚያን ጊዜ የሕዝብ ስልክ ሁለት ቁልፍ አለው፤ ኤ እና ቢ። ሳንቲም ትከታላችሁ፣ ቁጥሩን ታዞራላችሁ። ሰው ሲያነሳ ኤን ካልተጫናችሁ እናንተ ትሰማላችሁ፣ እሱ ግን አይሰማችሁም። ቢን ከተጫናችሁ ሳንቲማችሁ ይመለሳል። ናታን ይህን አያውቅም። ሄንሪ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ናታን ይጮኻል። ሄንሪ ዝም ያለ መስመር ይሰማና ዘጋው፤ ዝም ያለ ስልክ ለእንደሱ ዓይነት ሰው የአስፈራሪ ስልክ ሊሆን ይችላላ። ገንዘብ እየጠየቁ «ካልከፈልክ ምስጢርህን እናወጣለን» የሚሉ ሰዎች በዚያ ዘመን ብዙ ነበሩ። ከአንድ ቁልፍ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣል።

ደብዳቤ ደግሞ ማስረጃ ነው። በማርች 1954 ጋዜጠኛው ፒተር ዋይልድብለድ ሲከሰስ ለአንድ የአየር ኃይል ባልደረባ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ፍርድ ቤት ውስጥ ተነበዋል። አሥራ ስምንት ወር ተፈረደበት። ስለዚህ ሄንሪ ደብዳቤ ሲያነብ ክብሪት አጠገቡ ይሁን።

እዚህ ላይ አማርኛችን ሁለት ነገር ያመጣል። እንግሊዝኛ ደብዳቤ የተቀባዩን ፆታ በቀላሉ ይደብቃል። በአማርኛ «ማክሰኞ ትመጣለህ?» ስትሉ ግን አለቀ፣ ወንድነቱ ወጣ። መፍትሔው አክብሮት ነው፦ «የሰጡኝ መጽሐፍ አልጋዬ አጠገብ ነው። ማክሰኞ ይመጣሉ?» ማንም ቢያገኘው ለወንድ ይሁን ለሴት አያውቅም። ሁለቱን በደብዳቤ «እርስዎ» አባብሏቸው፣ በር ሲዘጋ «አንተ» ይባባሉ። ሁለተኛው፣ «ግብረ ሰዶም» የሚለውን ቃል ለፖሊሱና ለዳኛው አፍ ተዉት። ተራኪው «የሚወደው ሰው» ቢል በቂ ነው።

7. ማን ምን ያውቃል?

ናታን ከመሄዱ በፊት የሄንሪን ስም መዝገብ ቤት ውስጥ ፈልጎ ቢሆንስ? መቼ እንደሚሞት ያውቃል። አንዱ የሌላውን መጨረሻ እያወቀ የሚስመው ከሆነ ፍቅሩ እኩል አይደለም። ስለዚህ ናታን የሚያውቀውን ይናገር፣ ወይም ደብቆ ይያዝና ዋጋ ይክፈል። ምንም ሳይሆን እንዲያልፍ አትፍቀዱለት። ሄንሪ «አትንገረኝ» የማለት ዕድልም ይኑረው።

8. ፍጻሜው

እባካችሁ ሄንሪን አትግደሉት። እንዲህ ዓይነት ፍቅር በሞት ሲያልቅ ብዙ አንብበናል። አብረው ያረጁ ሰዎች በዚያ ዘመንም ነበሩ። የሙዚቃ ደራሲው ቤንጃሚን ብሪተንና ዘፋኙ ፒተር ፒርስ ከ1930ዎቹ መጨረሻ አንስቶ ብሪተን በ1976 እስኪያርፍ አብረው ኖረዋል።

ሄንሪን ወደ ዛሬ ማምጣት ቀላል ይመስላል። ግን እናቱስ? ደንበኞቹስ? ያ የካፌ ጥግስ? ናታን እዚያ ቢቀር ደግሞ እድሜውን በሹክሹክታ ሊኖር ነው። የትኛውንም ብትመርጡ ሁለቱም የሚያጡት ነገር ይኑር፣ ሁለቱም በፈቃዳቸው ይምረጡት።

በአማርኛ ለምትጽፉ አንድ ልጨምር። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ይህ ግንኙነት ዛሬም ያስቀጣል። ስለዚህ ለአንዳንድ አንባቢያችሁ የሄንሪ ጥንቃቄ የዕለት ኑሮው ነው። ከምታውቁት ሰው ሕይወት የወሰዳችሁትን ሰፈር፣ ሥራና ስም ቀይሩ። እናንተም የብዕር ስም ብትጠቀሙ አያስነውርም።

ረቂቁ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ለሄንሪ ብቻ ብላችሁ አንብቡት። በየምዕራፉ ጠርዝ ላይ ሄንሪ በዚያ ምዕራፍ የወሰነውን ነገር በአንድ መስመር ጻፉ። መስመሩ ባዶ የቀረበትን ምዕራፍ እንደገና ጻፉት።