ለከተማችሁ ተጨማሪ በረራ ስትጠይቁ፦ ከድሬዳዋ ትኬት ቢሮ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ደጋግሜ የተናገርኩት ቃል «ሞልቷል» የሚለው ነው። ሰው በሩን ከፍቶ ይገባል፣ ነገ አዲስ አበባ መድረስ አለብኝ ይላል፣ ኮምፒውተሩን አያለሁ፣ «ሞልቷል አቦ» እለዋለሁ፣ ይወጣል። ከወጣ በኋላ የትም አይመዘገብም። አየር መንገድ የሚቆጥረው የበረረውን ሰው ነው፤ ሳይበር የተመለሰውን የሚያውቀው እንደኔ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ብቻ ነው።

ይህ የገባኝ በአንድ እሑድ ነው። ከመጋላ የመጡ እናት የኤክስሬይ ፖስታቸውን በነጠላቸው ሥር ይዘው ከልጃቸው ጋር ገቡ። ሪፈር ተጽፎላቸዋል፤ ቀጠሯቸው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እስከ ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ወንበር አልነበረም። «በይ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለውኝ ወጡ፤ በማግስቱ ንጋት ላይ በአውቶብስ ሄዱ። የአንድ ሰዓት በረራ የነበረው መንገድ ቀኑን ሙሉ ወሰደባቸው። የዚያን ዕለት በደረሰኝ ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እሑድ፣ 2 ሰው፣ ሕክምና፣ ሞልቶ፣ በአውቶብስ።» ያቺ መስመር ዛሬ ያለኝ ደብተር መጀመሪያ ናት።

ይህን የምጽፈው በንግድ ምክር ቤት፣ በሆቴል፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በከተማ አስተዳደር ውስጥ ሆናችሁ «እኛ ጋ በረራ ለምን አይጨመርም?» ለምትሉ ነው። ጎዴም ሁኑ ጅማ፣ አርባ ምንጭም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ሥራው ያው ነው።

ደብተሩን ጀምሩ

መጀመሪያ ደብዳቤ አትጻፉ። ከከተማችሁ ትኬት ቢሮዎች ጋር ተነጋገሩና በእያንዳንዳቸው ጠረጴዛ ላይ አንድ የሒሳብ ደብተር አስቀምጡ። በማስመሪያ ሰባት ዓምድ ይሰመር፦ የመጣበት ቀን፣ መሄድ የፈለገበት ቀንና ሰዓት፣ የት፣ ለምን ጉዳይ፣ ስንት ሰው፣ ለምን ቀረ፣ በምን ሄደ። የሰው ስምና ስልክ አይጻፍ፤ አያስፈልግም፣ ሰውም አይወድም። «ለምን ቀረ» የሚለው ላይ ሦስት ቃል ይበቃል፦ ሞልቶ፣ ዋጋ፣ ሰዓት። ከሁሉም በላይ የምትጠብቁት «ሰዓት» የሚለውን ነው።

እኔ ሳልመዘግብ በፊት ችግራችን የወንበር ማነስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወራት ስመዘግብ ግን ብዙው ሰው ሳይቆርጥ የተመለሰው ሰዓቱ ስላልገጠመው ሆኖ አገኘሁት። ነጋዴው ጠዋት 1 ሰዓት ተነስቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ማታ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ያ ካልሆነ አዳር ይጨመርበታል፤ አዳር ከተጨመረ ደግሞ ትኬቱ ላይ የሆቴል ሒሳብ ይመጣል፣ ስለዚህ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከደብተሩ ሲወጣ ጥያቄያችሁ ይለወጣል። አዲስ በረራ ከመጠየቅ ያለውን በረራ ሰዓት ማዛወር መጠየቅ ለአየር መንገዱም ይቀለዋል፤ አውሮፕላን መጨመር አይጠበቅበትምና። በቅድሚያ የሚጠየቀው የሰዓት ለውጡ ነው።

ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ መዝግቡ። ሰኔ ላይ የበጀት መዝጊያ ስብሰባና ሥልጠና ሰውን ያንቀሳቅሳል፤ ጥር ላይ ሠርግ አለ፤ ነሐሴ ላይ ከውጭ የመጣ ቤተሰብ አለ። ስድስት ወር ብቻ ከያዛችሁ ወይ ከተማችሁን ታሳንሳላችሁ ወይ ታጋንናላችሁ።

ቁልቢንና ሸዋልን ለብቻ

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣውን ሰው አይቶ ልቡ የማይሞቅ ድሬዳዋ ውስጥ የለም። እኛም ተጨማሪ በረራ ስንጠይቅ ያንን ቁጥር ይዘን ነበር የተነሳነው። ስህተት ነበር። በቁልቢ ዋዜማ ወደኛ የሚመጣው አውሮፕላን ጢም ይላል፣ ሲመለስ ግን ባዶውን ነው፤ በማግስቱ ይገለበጣል። አየር መንገድ ሁለቱንም ጉዞ ነው የሚያስበው፤ አንዱ ሞልቶ አንዱ ባዶ ከሆነ በአማካይ ግማሽ ነው። ስለዚህ የበዓሉን ቁጥር በተለየ ገጽ አስቀምጡና ለተጨማሪ የበዓል በረራ ብቻ ተጠቀሙበት። ለዓመቱ ሙሉ በረራ ማስረጃ አድርጋችሁ ካቀረባችሁት የቀረውንም ቁጥራችሁን ያስጠረጥርባችኋል።

ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ረመዳን፣ ዒድ፣ ዐረፋ፣ ሐረሪዎች ከዒድ በኋላ የሚያከብሩት ሸዋል ዒድ ሁሉም የሚቆጠሩት በጨረቃ ነው፤ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማሉ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ያለፈውን ዓመት ሽያጭ የሚያይ ዕቅድ አውጪ፣ ያለፈው ዓመት ግርግር የነበረበትን ሳምንት አይቶ ዘንድሮም በዚያው ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ሸዋል ዒድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ለበዓሉ የሚንቀሳቀሰው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። የመጪውን ዓመት ቀኖች በሠንጠረዥ ሠርታችሁ አስቀድማችሁ ላኩ። ይህን ከእናንተ በቀር የሚልክላቸው የለም።

ማንን ትቆጥራላችሁ?

እኛ በመጀመሪያው ደብዳቤያችን የምሥራቅ ሐረርጌን ሕዝብ በሙሉ ጽፈን ነበር። አራት ገጽ ነበር ደብዳቤው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እንዴት እንደመጣ፣ የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ፣ የከተማችን ሰው ፍቅር፣ ሁሉም አለበት። የአየር መንገዱ የዕቅድ ባለሙያ በትሕትና እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ «በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው?» አለን። ደብዳቤውን ይዘን የሄድን ሦስታችንም መልስ አልነበረንም። ያን ቀን ከተማዬን የምወደውን ያህል እንዳላገለገልኳት ተሰማኝ።

እንግዲህ መንገደኛ የምትቆጥሩበትን ክበብ በሐቅ አስምሩ። ከሐረር ሰው በደንጌጎ ቁልቁል ወርዶ በአንድ ሰዓት ገደማ ኤርፖርት ይደርሳል፤ ይቆጠራል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መንገዱ ላይ ነው፤ ይቆጠራል። አወዳይም እንዲሁ። ጅግጅጋ ግን የራሷ ኤርፖርት አላት፤ አትቆጠርም። ባቡሩንም አትርሱ፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር የማይቸኩለውን መንገደኛ ይወስዳል። ተፎካካሪያችሁን ራሳችሁ ከጻፋችሁ ሌላው ቁጥራችሁ ይታመናል።

ሒሳቡን በወንበር ሥሩ

የአገር ውስጥ በረራ ላይ የምናየው ኪው 400 አውሮፕላን 78 ወንበር ያህል ይይዛል እንበል። በቀን አንድ ተጨማሪ ደርሶ መልስ ብትጠይቁ 78 በ2 በ365፣ በዓመት 56,940 ወንበር ነው። አየር መንገዱ ሦስት አራተኛው እንዲሞላ ቢፈልግ 42,705 ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ አዲስ ሰው መሆን አለበት፤ ከነበረው በረራ የተዛወረ ሰው ትርፍ አይደለም። ደብተራችሁ ይህን የማያሳይ ከሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ጠይቁ፦ 24,336 ወንበር፣ 18,252 ሰው። ሰኞ፣ ዓርብና እሑድ ብላችሁ ቀኑን ከደብተሩ አውጥታችሁ ስትናገሩ የሚያዳምጣችሁ ሰው እስክሪብቶ ያነሳል።

ሌላም መልስ ሊሰጣችሁ ይችላል፦ «በረራ ከመጨመር ትልቅ አውሮፕላን እንመድብ።» ቦይንግ 737-800 ከ150 በላይ ሰው ይዞ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ለሕክምናና ለቤተሰብ ጉዞ ጥሩ ነው። በዕለቱ ሄዶ ለሚመለሰው ግን ምንም አይፈይድለትም፤ እሱ የሚፈልገው ጠዋትና ማታ ነው። የትኛውን እንደምትመርጡ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ከስብሰባው ጠረጴዛ ላይ እርስ በርስ መከራከር ያሳፍራል።

ማረፊያው ይችላል ወይ?

አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሙቀቱን ደግሞ ድሬ የኖረ ያውቀዋል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ክንፍም ሞተርም የሚሠሩት በአየር ነው። በሰኔ ከሰዓት በኋላ ነዳጅ ሞልቶ ሩቅ የሚሄድ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ ካልሆነ ወይ ሰው ወይ ጭነት ይቀንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ ያላችሁ ሩቅ መስመር ስትጠይቁ የማለዳ ወይም የሌሊት መነሻ ጠይቁ። የሌሊት ከሆነ ደግሞ የማኮብኮቢያው መብራት፣ የማማው ሠራተኛ፣ የጥበቃው ፈረቃ አብሮ ይጠየቃል።

እሳት አደጋውንም እዩ። በዓለም አቀፉ ደንብ የእሳት አደጋ ዝግጅት ደረጃ የሚወሰነው በዋናነት በአውሮፕላኑ ርዝመት ነው። የኪው 400 ርዝመት 32.8 ሜትር ነው፤ ደረጃ 6። 737-800 39.5 ሜትር ነው፤ 39 ሜትርን ስላለፈ ደረጃ 7 ይገባል። ግማሽ ሜትር ልዩነት ተጨማሪ መኪና፣ ተጨማሪ ውኃና አረፋ፣ የሠለጠነ ሰው ሊያስጠይቅ ይችላል። ትልቅ አውሮፕላን ከመጠየቃችሁ በፊት ማረፊያችሁ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ጠይቁ።

ለማን ትሄዳላችሁ የሚለው አጭር ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ኤርፖርቶች በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ናቸው፤ ስለ ተርሚናሉም ስለ በረራውም የምታናግሩት አንድ ቤት ነው። ፈቃድና ደንብ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ወደ ውጭ መስመር ለምታስቡ፦ የሌላ አገር አየር መንገድ ወደ ከተማችሁ እንዲመጣ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የአየር አገልግሎት ስምምነት ሊኖር ይገባል፤ ከተማችሁም በመዳረሻነት የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጡ። በጥር 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይፋ የሆነው የአፍሪካ ነጠላ የአየር ትራንስፖርት ገበያ በር ለመክፈት የታሰበ ነው፤ የአገር ውስጥ መንገደኛን ከድሬ አዲስ አበባ መጫን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለውጭ አየር መንገድ አይፈቀድም። ጉምሩክና ኢሚግሬሽን በበረራው ሰዓት ሰው መመደብ እንደሚችሉም በጽሑፍ ያዙ። የዓለም የበረራ ወቅት በዓመት ሁለቴ ነው የሚለወጠው፣ በመጋቢትና በጥቅምት ወር፤ ዕቅዱ የሚያልቀው ብዙ ወር ቀደም ብሎ ነው። ለመጪው ጥቅምት የምትፈልጉትን ካለፈው ጥቅምት ጀምራችሁ ተነጋገሩ።

አብራችሁ ተሸከሙ

አዲስ በረራ መጀመሪያ ላይ ይከስራል። ሌላው ዓለምም ይህን ኪሣራ ለአየር መንገዱ ብቻ አይተወውም። አሜሪካ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትናንሽ ከተሞች በረራ መንግሥት ይደጉማል። ሕንድ በ2017 እ.ኤ.አ. በጀመረችው ኡዳን በተባለው መርሐ ግብር የተወሰኑ ወንበሮች በተገደበ ዋጋ ይሸጣሉ፤ የጎደለውን ድጎማው ይሸፍናል። እኛ ያ ገንዘብ ባይኖረንም የቅድሚያ ግዢ አለን። «እንደግፋለን» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሃያ ከምትሰበስቡ፣ «በየወሩ 15 ትኬት እንገዛለን፣ ለሦስት ወር ቅድሚያ እንከፍላለን» የሚል አንድ ደብዳቤ ይሻላል። ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካዎቹ፣ ሆቴሎቹ፣ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ድሬ ላይ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ የገቡ ድርጅቶች፣ ሁሉም ለሠራተኛ ጉዞ በጀት አላቸው። አንድ በአንድ ቢሯቸው ሄዳችሁ ያለፈውን ዓመት የጉዞ ወጪ አስወጡ። እኔ ይህን ሳደርግ አንዳንዱ ራሱ ገንዘቡን አይቶ ደነገጠ።

በረራው ከጀመረ በኋላ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ከተማ የሚሸነፈው። ሪባን ይቆረጣል፣ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ከስድስት ወር በኋላ በረራው ይቀራል። ሁለት ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ።

አንደኛው ቦታ ይዞ መቅረት ነው። መሥሪያ ቤቶች ለሠላሳ ሰው ቦታ ያስይዙና ስብሰባው ሲሰረዝ ዝም ይላሉ። ወንበሩ ባዶውን ይበራል፣ እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ለሦስት ሰው «ሞልቷል» ብያለሁ። ከድርጅቶቹ ጋር ስትፈራረሙ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲያሳውቁ አስገቡበት።

ሁለተኛው ከኤርፖርቱ በር በኋላ ያለው መንገድ ነው። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለሚያርፍ በረራ ከተማ ውስጥ ለሚቀረው ባጃጅ አለ። የሐረሩ ሰው ግን ሚኒባስ ያጣል፤ በኮንትራት ታክሲ ሲሄድ ከፍሎ ያማርራል፣ ሁለተኛ በዚያ በረራ አይመጣም። ከሐረር ሚኒባስ ማኅበራት ጋር ተነጋግራችሁ በረራው የሚያርፍበት ቀን ሁለት መኪና እንዲጠብቅ አድርጉ፤ በረራው ቢዘገይም የሚደውልላቸው ሰው ይመደብ።

ደብተሩን አትዝጉ። እኔ በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ዘግቼ ቁጥሩን በአንድ ገጽ እጽፋለሁ፦ ስንት ሰው ተመለሰ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ምክንያት። ገጹን ፎቶ አንስቼ ለዕቅድ ክፍሉ እልካለሁ፤ ጠየቁኝም አልጠየቁኝም እልካለሁ። በዚህ ወር ገጽ ላይ እሑድ እንደገና ከሁሉም ቀን በልጧል፤ ከእሑድ ሰባት መስመር አራቱ «ሕክምና» ይላሉ።