ሆድን ሸፍኖ የሆድን ማውራት

መጀመሪያ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ክፍሉ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ወንበሩን በዓይንሽ ትለኪዋለሽ፣ ጠባብና ባለ መደገፊያ ከሆነ ልብሽ ድክም ይላል። ትቀመጫለሽ። ከዚያ ነጠላሽን ወይም ቦርሳሽን ሰብሰብ አድርገሽ ሆድሽ ላይ ታደርጊያለሽ። ቴራፒስቷ፣ በንግግር የምታክምሽ ባለሙያ፣ «እንዴት ሰነበትሽ?» ስትልሽ ግማሽ ሐሳብሽ ያለው ሸሚዝሽ ሆድሽ ላይ መጣበቁ ላይ ነው።

እኔ አራት ወር ሙሉ ቦርሳዬን ታቅፌ ነው ያወራሁት። ስለ እንቅልፌ አወራሁ፣ ስለ ጭንቀቴ አወራሁ፣ ስለ አባቴ አወራሁ፣ ስለ ኪሎዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በእኛ ቋንቋ ሆድ ምግብ የሚገባበት ብቻ አይደለም፤ ምስጢር የሚቀመጠውም እዚያው ነው። «የሆዴን ነገርኳት» እንላለን። አንዱን ሆድ ሸፍኖ ሌላውን መክፈት እንዴት እንደሚያስቸግር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ አራት ወር የፈጀብኝን አንቺ በሁለት በሦስት ቀጠሮ እንድትጨርሺው ነው ይህን የምጽፈው። («አንቺ» የምለው ስለሚቀለኝ ነው። ወንዶችም ቦርጫችሁን በጃኬት ስትሸፍኑ እያየናችሁ ነው፤ ኑ ግቡ።)

ለምን ዝም እንደምንል ግልጽ ነው። ሰው በሚራብበት፣ ስንቱ ከቤቱ በተፈናቀለበት አገር ወፈርኩ ብሎ ማልቀስ ጥጋብ ይመስላል። በዚያ ላይ ሰው የሚለው አንድ አይደለም። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ላይ አንዷ ታገኝሽና «ውይ፣ ተመችቶሻል!» ትልሻለች፣ ደስ ብሏት ነው፣ እንደ ምርቃት ነው። አሥር እርምጃ ሳትሄጂ ሌላዋ «ምነው እንዲህ ወፈርሽ፣ ተይ እንጂ» ትላለች። ከስተሽ ብትመጪ ደግሞ «ታማ ነው እንዴ?» ይባልና ወሬው ከአራዳ አዘዞ ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልገውም። እንዲህ እየተባለ ያደገ ሰው ሰውነቱ የራሱ ሳይሆን የሰፈሩ ይመስለዋል።

እንዴት ትናገሪዋለሽ? ረጅም ንግግር አታዘጋጂ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ዛሬ ስለ ሰውነቴ ማውራት እፈልጋለሁ፤ ግን በጣም ያሳፍረኛል፤ ቀስ እያልን እንሂድ።» በቃ። ቃሉ አፍሽ ላይ ከተያዘ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳያት። እኔ ያደረግኩት እንደዚያ ነው፤ ስልኩን ሰጥቼ መስኮቱን ሳይ ነበር። ኪሎሽን በቁጥር የመናገር ግዴታ የለብሽም። የሚያሳፍርሽን ነገር ሁሉ በአንድ ቀን መዘርገፍም የለብሽም።

ሰዓቱን ግን አስቢበት። ብዙዎቻችን ዋናውን ነገር የምናወጣው ተነስተን በሩን ልንከፍት ስንል ነው። «አንድ ነገር ረስቼ...» ብለን ጣል እናደርግና እንወጣለን። ቀጠሮው ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ነው፤ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ የተባለ ነገር ተይዞ ወደ ቤት ይኬዳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ ትገላበጪበታለሽ። እንደተቀመጥሽ፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ተናገሪው።

ወንበሩ ካስቸገረሽ ስለ ወንበሩ ተናገሪ። «መደገፊያ የሌለው አለ?» ማለት ነውር አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰው ስለ ሰውነቱ ማውራት የሚጀምረው ከዚያች ጥያቄ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቴራፒስትሽ ቀጭን ከሆነችስ? የእኔዋ እንደ መቃ ነበረች። «ይቺ ምን ይገባታል፣ በልቧ ትስቅብኛለች» እል ነበር። ይህንንም ራሱን ንገሪያት። «አንቺ ቀጭን ስለሆንሽ የምትፈርጂብኝ ይመስለኛል» ብትያት አትቀየምም፤ ሥራዋ ነው። ሌላው የእኛ ከተማ ችግር ትንሽነቷ ነው። ዛሬ ያለቀስሽላትን ሴትዮ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ልታገኚያት ትችያለሽ። ስለዚህ ቀድመሽ ጠይቂ፦ «መንገድ ላይ ብንገናኝ ምን እናድርግ?» ብዙ ቴራፒስቶች አንቺ ካልጀመርሽ ሰላምታ አይጀምሩም፤ ምስጢር ለመጠበቅ ብለው እንጂ ኮርተው አይደለም። ያወራሽው ከክፍሉ እንደማይወጣም አስረግጠሽ ጠይቂ። በምስጢር የማይያዝ ነገር ግን አለ፤ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ለሌላ ሰው ልትናገር ትችላለች። እሱንም መጀመሪያውኑ ማወቁ ይሻላል።

አሁን ወደ ሀፍረቱ ራሱ። ጸጸትና ሀፍረት አንድ አይደሉም። «ትናንት ሠርግ ላይ አበዛሁ» የሚለው ጸጸት ነው፤ ስለ ሥራሽ ነው የሚያወራው። «እኔ ራሴ አስጠሊታ ነኝ» የሚለው ሀፍረት ነው። የመጀመሪያው ነገ ይስተካከላል። ሁለተኛው አንገት ያስደፋል፣ ያስደብቃል፣ ተደብቆ ያስበላል፣ ከዚያ እንደገና ያሳፍራል። ሰውን በማሳፈር የሚያከሱ የሚመስላቸው ሰዎች ይህንን አዙሪት አያውቁትም። ያሳፈሩት ሰው ሐኪም ቤት መሄዱን ይተዋል፣ ስፖርት መሥራቱን ይተዋል፣ ምግቡን ግን አይተውም።

እኔን የረዳኝ አንድ የቤት ሥራ ነበር። ደብተር አውጪና ገጹን ለሁለት ክፈይው። በአንድ በኩል ስለ ሰውነትሽ ለራስሽ የምትያቸውን ቃላት ጻፊ፣ ቃል በቃል፣ ሳታሳምሪ። በሌላው በኩል ያንን ቃል መጀመሪያ ከማን አፍ እንደሰማሽውና ስንት ዓመትሽ እንደነበር። የእኔ የመጀመሪያው መስመር «ጋን» የሚል ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ድግስ ላይ አክስቴ «ይቺማ የጠላ ጋን መስላለች» አለች፣ ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ያችው አክስቴ እኮ ወዲያው «አፈር ስሆን ብዪ!» ብላ ጉርሻ አፌ ላይ ደቅናለች! ከሃያ ዓመት በኋላ መስታወት ፊት ስቆም የምሰማው ድምፅ የእሷ መሆኑን ያወቅኩት ደብተሩ ላይ ሳየው ነው። ክፉ ሴት አይደለችም፣ እወዳታለሁ፣ ቃሉ ግን የእኔ አልነበረም። ደብተሩን ለቴራፒስትሽ ይዘሽ ሂጂ፤ የሁለት ቀጠሮ ወሬ አይጠፋበትም።

መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ይህችን ቀስ ብለሽ አንብቢ። አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች ኪሎ ይጨምራሉ። ኦላንዛፒን እና ክሎዛፒን በዚህ ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ሪስፔሪዶን፣ ቫልፕሮኤት፣ አሚትሪፕቲሊንም ሊጨምሩ ይችላሉ። ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም። የምግብ ፍላጎት ይከፍታሉ፣ አንዳንዶቹ ድካምና እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ስለዚህ ትበያለሽ ትተኛለሽ። እኔ ለእንቅልፌ አሚትሪፕቲሊን ጀምሬ በስምንት ወር ከ58 ወደ 71 ገባሁ። «ሆዳም ሆኛለሁ» ብዬ ራሴን ስሰድብ ከርሜ፣ የኪኒኑ ድርሻ እንዳለበት ስሰማ ተናድጄ በራሴ ፈቃድ አቆምኩት። ማቅለሽለሽ መጣ፣ ራስ ምታት መጣ፣ እንቅልፌ ከበፊቱ ባሰ። እንደኔ አታድርጊ። ቴራፒስትሽ መድኃኒት የምታዝ ላትሆን ትችላለች፣ ስለዚህ ያዘዘልሽን ሐኪም «ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መቀየር ይቻላል?» በይው። ብዙ ጊዜ አማራጭ አለ። ስኳርሽንና የደም ግፊትሽን እንዲያዩልሽም ጠይቂ። ጠበል የምትጠመቂ ከሆነ ተጠመቂ፣ ኪኒንሽንም ዋጪ፤ ሁለቱን ምን አጣላቸው?

ሚዛን ላይ መቆም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ኮሪደር ላይ መዘነችኝና «ሰባ አንድ!» ብላ እንደ ሎተሪ ቁጥር ጮኸች፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። አሁን ቀድሜ «እባክሽ ዝም ብለሽ ጻፊው» እላለሁ። ቁጥሩን ማየት ካልፈለግሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ መቆምም ይቻላል። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆችስ? አንድ ከሰዓት ሦስቱ ጋ ተመዘንኩ። አንዱ 69 አለኝ፣ አንዱ 71፣ ሦስተኛው 73 ብሎ ብሩን ተቀበለኝ። በየቀኑ የምትመዘኚ ከሆነ እሱንም ለቴራፒስትሽ ንገሪያት፤ ከልማድ ያለፈ ነገር ሊሆን ይችላል።

ቢኤምአይ የሚሉት፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝን ቁጥርም አለ። ኪሎሽን በሜትር ለለካሽው ቁመትሽ፣ እንደገና ለቁመትሽ ታካፍዪዋለሽ። እኔ በ71 ኪሎና በ1 ሜትር ከ62 ወደ 27 እመጣለሁ፤ ከ25 ጀምሮ «ክብደት የበዛ» ይባላል፣ ከ30 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት። ቀመሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ኬትሌ የሚባል ቤልጂየማዊ የሒሳብ ሰው ነው፣ ሐኪም አልነበረም፤ የሚያጠናው የብዙ ሰዎችን አማካይ እንጂ የአንዲት ጎንደሬን ጤና አልነበረም። ለሐኪም ጠቋሚ ይሆነዋል። የሰው ልክ ግን አይደለም።

ስለ ጾም ብዙ ሰው አይናገርም፣ እኔ ግን እናገራለሁ። ጾም ጸሎት ነው። ሰውነቱን የሚጠላ ሰው ግን ጾምን መደበቂያ ሊያደርገው ይችላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መዋል ለእግዚአብሔር መሆኑ ቀርቶ ለቀሚሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። ሲፈታ ደግሞ ያለ ልክ ትበያለሽ፣ ከዚያ ሀፍረቱ ይመጣል። ለቴራፒስትሽ «ጾመኛ ነኝ» ብለሽ አትለፊው፤ የምትጾሚው ለምን እንደሆነ ተናገሪ። የንስሐ አባትሽንም አማክሪ፤ ለታመመ ሰው ጾሙን የማቅለል ሥልጣን አላቸው። ከበላሽ በኋላ ጣትሽን ከተሽ የምታስመልሺ ከሆነ ወይም ለመክሳት ብለሽ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን በዚህ ሳምንት ተናገሪ። ደጋግሞ ማስመለስ በሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ያወርዳል፣ እሱ ደግሞ የልብን ምት ያዛባል። ራስሽን ከሳትሽ ወይም የልብ ምትሽ ከተዛባ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽም እንደዚያው፣ በዚያው ቀን፣ ለምታምኚው ሰው ነግረሽ።

ለሰፈሩ አፍ ምን ትመልሺያለሽ? ጠብ አያስፈልግም። «ወፈርሽ» ሲሉሽ «አዎ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?» በይና ወሬውን አዙሪው። «አዎ» ከተባለ በኋላ የሚቀጥል ነገር ይጠፋቸዋል፣ ሞክሪው። ማዕድ ላይ «በሞቴ» ሲመጣ ይከብዳል። እኔ አንዷን ጉርሻ እቀበልና ሳህኔን አስነሣለሁ። ለጥምቀት ቀሚስ የምታሰፊ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ባለሽ ልክ አሰፊ፣ ልብስ ሰፊውን ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ እንዲተውልሽ ንገሪው። «እስከ ጥር 11 እከሳለሁ» ብዬ በጠባቡ ያሰፋሁት አንድ ቀሚስ አለኝ። እስካሁን ሳጥን ውስጥ ነው።

ነግረሻት ቴራፒስቷ «እንግዲህ ስፖርት ሥሪ፣ ጣፋጭ ቀንሺ» ብላ ብታልፈውስ? የእኔ የመጀመሪያዋ ቴራፒስት እንደዚያ አድርጋኛለች። አንድ ጊዜ እድል ስጫት፦ «ምክር አይደለም የፈለግኩት፤ ሀፍረቱን እንድትሰሚኝ ነው» በያት። ከገባት ደግ። ካልገባት ቀይሪ፤ ሐኪም መቀየር ክህደት አይደለም።

የመጨረሻው ነገር ከተናገርሽ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ቀለል ይለኛል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ ግን ለአንድ ሁለት ቀን ሊብስሽ ይችላል። «ለምን ተናገርኩ? አሁን ስታየኝ እሱን ብቻ ነው የምታስበው» ትያለሽ። ቀጠሮውን መሰረዝ ያምርሻል። ስለዚህ ከክፍሉ ሳትወጪ ቀጣዩን ቀን አስይዢ፣ ለአንድ ጓደኛሽም «ሐሙስ ብቀር ውቀሽኝ» በያት። እኔ ስልኬን ዘግቼ ሁለት ቀን ጠፋሁ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ መጥታ እየጎተተች ወሰደችኝ።

በዚያን ቀን ስለ አክስቴና ስለ ጋኑ አወራን፤ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሰዓቱ አለቀ። ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ሆኜ ተጠጋግቼ ተቀመጥኩ። ሒሳብ ልከፍል እጄን ስሰድ ቦርሳዬ የለም። እዚያው ወንበሩ ሥር ረስቼው ነበር።