በአውቶካድ ብሎክ ስትሠሩ ቀለሙንና መስመሩን እንዴት እንደምታዘጋጁ

አንድ ጊዜ ከሌላ ቢሮ የመጣ የወለል ፕላን ሳስተካክል የበሮቹን ሌየር (መስመሮች የሚመደቡበት ንብርብር) ቀለም ብቀያይር ብቀያይር በሮቹ ቀይ እንደሆኑ ቀሩ። ብሎኩን (እንደ አንድ ነገር ተጠቃሎ ደጋግሞ የሚገባውን ሥዕል) የሠራው ሰው መጀመሪያ እያንዳንዱን መስመር ቀይ አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕሮፐርቲውን (ቀለሙንና የመስመሩን ዓይነት) ሳላይ ብሎክ አልሠራም።

የ90 ሳንቲሜትር በር እንሥራ። ፕላኑ በሚሊሜትር ከሆነ 900 ማለት ነው።

መጀመሪያ ሌየር ዜሮ ላይ ሁኑ። ቀለም፣ የመስመር ዓይነትና የመስመር ውፍረት ሦስቱም ባይሌየር (መልኩን ከሌየሩ የሚወስድ) መሆናቸውን አረጋግጡና መዝጊያውንና ቅስቱን ሳሉ። ቀድማችሁ ስላችሁት ከሆነ ሁሉንም ምረጡ፤ ኮንትሮልና 1ን ስትጫኑ በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ አስተካክሉ።

ሌየር ዜሮ ለምን? እዚያ በባይሌየር የተሳለ መስመር ብሎክ ሲሆን የገባበትን ሌየር መልክ ይይዛል። አረንጓዴ ሌየር ላይ ብታስገቡት አረንጓዴ ይሆናል፤ የሚፈርሱ በሮች ሌየር ላይ ያው ብሎክ በተቆራረጠ መስመር ይወጣል። ሌላ ሌየር ላይ የተሳለው ግን የትም ቢገባ የራሱን ሌየር አይለቅም። ይህም አንዳንዴ ይጠቅማል፦ የበሩ መስታወት ምንጊዜም በቀጭን መስመር እንዲታተም ከፈለጋችሁ የራሱን ሌየር ስጡት።

ባይብሎክ (መልኩን ለብሎኩ ከተሰጠው የሚወስድ) ደግሞ ሌላ ነው። አንዱን በር ብቻ መርጣችሁ ሰማያዊ ብትሉት፣ ዜሮ ላይ በባይሌየር የተሳለው እሺ አይልም፤ በባይብሎክ የተሳለው ይቀበላል። ብሎክ እስኪሆን ድረስ በነጭ ወይም በጥቁር ቢታያችሁ አትደንግጡ። እኔ ለበርና ለመስኮት የምመርጠው ዜሮና ባይሌየርን ነው፤ ፕላኑ በሙሉ ከሌየሮቹ ይታዘዛል።

አሁን ብሎክ ብላችሁ ጻፉና ስም ስጡት። ቤዝ ፖይንቱን (ብሎኩ ሲገባ የሚያዝበትን ነጥብ) በማጠፊያው በኩል ያለውን ጥግ አድርጉ። ይህን ከዘለላችሁት ነጥቡ ዜሮ፣ ዜሮ ላይ ይቀራል፤ በሩን ስታስገቡት ከመዳፊታችሁ ርቆ ይወድቃል። መስመሮቹን ምረጡ፣ መለኪያውን ሚሊሜትር አድርጉና ኦኬ በሉ።

ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ሌየሮች ላይ አስገብታችሁ ሞክሩት። አንዱ መስመር ካልተቀየረ ብሎኩን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ በብሎክ ኤዲተር ክፈቱና ያን መስመር አርሙ። እንደ እኔ ብዙ ቀይ በሮች ከተረከባችሁ ደግሞ ሴትባይሌየር የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ብሎኮችንም ይጨምር እንደሆነ ሲጠይቃችሁ አዎ በሉት።